ከገዛ ሚስቴ ጋር በቀጠሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ያለው ገና ከጆሯችሁ ያልደረሰ ወሬ ነው። «የለም፣ እኔስ ምስጢር አለኝ» የሚል ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ከነዝርዝሩ ያወሩለታል፤ ራሱ የረሳውን ሳይቀር ያስታውሱታል።

እኔ ሞኙ ይህን እያወቅሁ ነው ከሰው ጆሮ ርቄ ለመነጋገር ቀጠሮ የያዝሁት። ከማን ጋር? ከገዛ ሚስቴ ጋር። አትሳቁ… እስቲ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሰው ሳይገባ፣ ስልክ ሳይጮህ፣ ልጅ «ቀማኝ» ብሎ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ሰዓት ያወራችሁበትን ቀን ንገሩኝ። የጫጉላው ሰሞን አይቆጠርም፤ ያኔም ቢሆን ሚዜዎቹ በር ላይ ነበሩ።

ሚስቴ ሰርካለም አዋላጅ ነርስ ናት። በሰፈራችን ኳስ ከሚያሳድዱት ልጆች እኩሌቶቹ ወደዚህ ዓለም ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት የሷን ፊት ነው። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ። እሷ ሲወለዱ አስለቅሳ ትቀበላቸዋለች፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሜ አስለቅሳቸዋለሁ። በዚህ የሥራ ክፍፍል ዘጠኝ ዓመት በሰላም ኖረናል፤ ሁለት ልጆችም አፍርተናል።

ነሐሴ ሲገባ ለሰርካለም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣላት። ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋታል። ሁለት ዓመት። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ትማራለች፣ ቅዳሜና እሑድን ቤቷ ትሆናለች። ደብዳቤውን እጄ ላይ አኖረችና «ምን ትላለህ?» አለችኝ።

እኔ ምን አልሁ? «ባሕር ዳር ሞቃት ነው፤ ጋቢሽን ለኔ ትተሽልኝ ሂጂ» አልሁ።

ሳቀች። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችኝ። «አንቺ ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ ዓሣ እየበላሽ እኔን ሽሮ ላይ ልትጥይኝ?» አልሁ። ትንሽ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ስትጠይቀኝ ግን ቀልድ አልቆብኝ ስንተባተብ ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገባች፤ ነፍሷን ይማረውና… ኧረ በሕይወት አለች! ከደስታዬ ብዛት ምርቃቱ ተምታቶብኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርካለም አልሳቀችም። እኔ ግን መቀለዴን አልተውሁም። ሰው ሲፈራ አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ይደበቃል፣ እኔ እቀልዳለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈና አንድ ቅዳሜ ጧት ጫማዬን ስወለውል መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ስማኝ» አለች። «ሰኞ መልስ ስጪን ብለውኛል። አንድ ሰዓት ስጠኝ። ማንም የማይገባበት ቦታ ፈልግና እዚያ ሂጂ ወይም አትሂጂ በለኝ። ቀልድ የለም።»

«አትሂጂ ብልሽስ?»

«አልሄድም። ግን ያስቀረኸኝ አንተ መሆንህን እያወቅህ አብረኸኝ ትኖራለህ።»

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ ጫማ መወልወል ይቻላል እንዴ?

ማንም የማይገባበት ቦታ… ከየት ይምጣ? ቤታችን አይሆንም፤ የኛ በር ከጧት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ ከተዘጋ ደግሞ «ምን ነካቸው?» ተብሎ ጭራሽ ሰው ይሰበሰባል። ሻይ ቤት አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ፉት ሳትሉ ሦስት ሰው ወንበር ስቦ ይቀላቀላችኋል። በእግር እየሄዱ ማውራትማ አይታሰብም። በኛ ከተማ ከቤት እስከ አደባባይ ለመድረስ ሃያ ጊዜ መቆም ግድ ነው፤ ሰላምታውም «ደህና ነህ?» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ልጆቹ፣ እናትህ፣ የእናትህ ጉልበት፣ ዝናቡ፣ ጤፉ… ሲባል ውሎ ይመሻል።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ቢያድግልኝ ትዝ አለኝ። ቢያድግልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ በወሬው ብዛት ከክፍል ያላስወጣሁት ቀን አልነበረም። ይኸው ልጅ አድጎ፣ አዲስ አበባ ሠርቶ ተመልሶ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ምን ከፈተ መሰላችሁ? «ሹክሹክታ» የሚባል ጸጥ ያለ ቢራ ቤት! ሙዚቃ የለም፣ ኳስ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ቤቱ በሙሉ ቤተ መጻሕፍት እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው፤ አስተናጋጆቹ ሳይቸግራቸው መነጽር አድርገዋል፤ የምግብና የመጠጡ ዝርዝር የተጻፈው በአሮጌ የጂኦግራፊ መማሪያ ውስጥ ነው። ቢራ የፈለገ ምዕራፍ ሦስትን ይገልጣል። ጠረጴዛዎቹ በቀርከሃ ፍርግርግ ተከልለው «ታሪክ»፣ «ግብርና»፣ «ጤና»፣ «ሕግ» የሚል ስም በትልቁ ተጽፎባቸዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ሰርካለም ለሠርግ የምትለብሰውን ሹራብ ለብሳ ነጠላ ደርባለች፤ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ቢያድግልኝ በሩ ላይ ተቀበለን። «ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ንስሐ ሊገባ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ታሪክ አለህ?» አልሁት።

«ታሪክ ተይዟል።»

«ጤናስ?»

«ጤናም የለም ቲቸር። የቀረኝ ሕግ ብቻ ነው።»

«ሕግ ይሻላል» አለች ሰርካለም። «ዛሬ ፍርድ ነው።»

ወደ «ሕግ» ስንሄድ በ«ግብርና» በኩል ማለፍ ነበረብን። እዚያ ጋሽ አላምረው ተቀምጠዋል። ጋሽ አላምረውን ላስተዋውቃችሁ፤ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ያላስታረቁት ሰማይና ምድርን ብቻ ነው። ታዲያ በዚህ ዕድሜያቸው ቢራ ቤት ምን ይሠራሉ? ሥራ ላይ ናቸው። በመሬት ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ያስታርቃሉ። ቢያድግልኝ ቤቱን ለፍቅረኞች ብሎ ከፈተው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ጸጥታውን ሲያዩ ችሎት አደረጉት። እንደ ደንቡ ጎንበስ ብለን ሰላምታ ሰጠናቸው፤ ልጆቹን ጠየቁን፣ እናቴን ጠየቁኝ፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቁኝ… ሁሉም በሹክሹክታ። ሰላምታ በሹክሹክታ ሲሆን ልቅሶ ቤት የደረሳችሁ ያስመስላል።

ተቀመጥን። ተቀምጬ ምን አደረግሁ? አጨበጨብሁ! አስተናጋጅ ለመጥራት እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። ከየፍርግርጉ በላይ አንድ አንድ ራስ ብቅ ብሎ አየኝ። ለካ ጠረጴዛው ላይ «ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ መብራቱን ያብሩ» የሚል ተጽፏል። መብራቱን አበራሁ። ቢራና ጥብስ አዘዝን።

እኔ እንግዲህ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጫጫታ ባለበት ቤት ብትጮኹ የሚሰማችሁ የለም፤ ጸጥ ባለ ቤት ግን ብትተነፍሱ ይሰማል። ይህን ለተማሪ አስተምሬበታለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ወደቅሁ። ከጎናችን ያለው ሰውዬ ሥጋ ሲያኝክ የጎደለው ጥርስ በየት በኩል እንደሆነ መናገር እችል ነበር። በዚያ ላይ ድምፄ ሰባ ተማሪ ያሳደገው ድምፅ ነው፤ ዝቅ አድርጌ ባወራ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ ይሰማዋል።

ሰርካለም ደብዳቤውን ከፌስታሉ አውጥታ በመካከላችን ዘረጋችው። ማኅተሙ በዚያ ደብዛዛ መብራት እንኳ ያበራል።

«እናቴ ፊደል አልቆጠረችም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነርስ ስሆን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ደገሰች። ይህን ደብዳቤ ብታየው ምን ትል ነበር እያልሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስባለሁ። አንተ ደግሞ ስለ ጋቢ ታወራለህ።»

ዓይኗ ውኃ ሞላ። የጥብሱ ቃሪያ ነው እንዳልል ገና አልቀመሰችውም። አንጀቴን በላችው። «ሂጂ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ባዶ ወንበር ታየኝ። ሁለቱ ልጆች ተኝተው፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ እኔ ብቻዬን ወንበሩን ስመለከተው። ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

ይኼኔ ዝናቡ መጣ።

በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናብ በር አያንኳኳም፤ በርግዶ ነው የሚገባው። ቢያድግልኝ ስለ መብራቱ፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ አስተናጋጆቹ መነጽር ሲጨነቅ ጣሪያውን ረስቶታል። ጣሪያው ራቁቱን የቆመ ቆርቆሮ ነው። ሹክሹክታ ቤት በአንድ አፍታ ወፍጮ ቤት ሆነ።

«ታዲያ ምን ወሰንህ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ምን ወሰንህ ነው የምልህ!»

በየጠረጴዛው ሁሉም ይጮኻል። ወንድማማቾቹ ሳይቀሩ ስለ ድንበራቸው ሲጯጯሁ ይሰማል። እኔም ደፈርሁ፤ አንድ የማምለጫ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ «እንበልና ሄድሽ…» ብዬ ጀመርሁ። ያገራችን ዝናብ ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ እንዳልተናገረ ሁሉ ሲሄድም አይናገርም። ቀጥ አለ። የኔ ድምፅ ግን ፍሬን የለውም።

«…ልጆቹስ? ልጆቹ ከማን ጋር ሊሆኑ ነው?»

ቤቱ ጸጥ። ከ«ግብርና» በኩል በቀርከሃው ቀዳዳ አንድ ዓይን አየሁ። የጋሽ አላምረው ዓይን ነው። እስቲ እናንተም በዚያ ዓይን እዩን። ባልና ሚስት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ማኅተም ያለበት ወረቀት ተዘርግቷል። ሚስት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ባል ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ ይጠይቃል። ከራሳቸው በላይ ደግሞ በትልቁ «ሕግ» ይላል።

«ኧረ እግዚኦ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ጸጥ ያለ ቤት ነው ብያችኋለሁ።

ሰርካለም ደብዳቤውን አጠፈች። «መልስህ ይኸው ነው?»

«ይኼ እንኳ ጥያቄ ነው እንጂ…»

«ገባኝ» አለችና ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ውኃ የያዘ መንገድ እየዘለልን ቤት ገባን። ያን ዕለት ማታ እቤታችን የነበረው ጸጥታ ቢያድግልኝን ያስቀናው ነበር። ቀኑ ሄደ፤ የቀረኝ እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ደግሞ ሰው አይጠፋም።

እውነትም አልጠፋም። ከቅዳሴ መልስ በራችን ላይ «ቤቶች!» ተባለ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጋሽ አላምረው ፊት፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ይትባረክ በስተቀኝ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ በስተግራ። ሦስቱም በትር ይዘዋል፤ ሦስቱም ፊታቸው ከብዷል።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?» አልሁ።

«እሺ በለንና እንገባለን» አሉ ጋሽ አላምረው።

የአገሩ ደንብ ነው እንግዲህ፤ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ክረምት ነውና የሰፈሩን ቦይ ለመቆፈር ሰው ሊያስወጡ የመጡ መሰለኝ። አካፋዬ የት እንዳለ እያሰብሁ «እሺ» አልሁ። ምን ገዶኝ?

«አንቺስ ልጄ?»

ሰርካለም ከጓዳ ብቅ ብላ ሦስቱንም አየቻቸው፤ እኔንም አየችኝ። «እሺ» አለች። ገቡና ተቀመጡ።

ጋሽ አላምረው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ማነው ቀድሞ የበደለ?»

«ማንን?» አልሁ።

«መምህር፣ በዓይኔ ያየሁትን አትደብቀኝ። የፍቺ ወረቀት እስከ መጻፍ ደርሳችሁ ልጅ ስትካፈሉ ሰምቻለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁ። መምሬ ይትባረክ መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው «ሳቁን ተው ልጄ። ቤት ሲፈርስ አይሳቅም» አሉኝ።

አስረዳሁ። አልተጣላንም አልሁ። ተነጋገርን እንጂ አልተጣላንም፤ ብቻችንን እንድናወራ ብለን ነው አልሁ። ሦስቱም ሲተያዩ አየሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፤ ችግሩ ግን ለቃሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ እኔ አንድ።

ሐጂ እንድሪስ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ» አሉኝ። «አርባ ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። ሰላም ያለው ሰው ከሚስቱ ጋር እቤቱ ያወራል፤ ሰውም ይሰማዋል፤ ምን ይደበቃል? ያልተጣላ ሰው ሚስቱን ጨለማ ጥግ ወስዶ በጆሮዋ የሚያወራት ምን ብሎ ነው?»

እስቲ መልሱላቸው። በዚህ ከተማ ሚዛን ሲለካ እውነታቸውን ነው። ወደ ሰርካለም ዞርሁ። «ኧረ አንቺ ንገሪያቸው!»

ሰርካለም ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንገቷን ሰበር አደረገች፤ የዘጠኝ ዓመት ሚስቴ፣ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንዲህ ጨዋ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ቅሬታ አለኝ።»

ዕዳ ከሜዳ!

«ተናገሪ ልጄ» አሉ ጋሽ አላምረው፤ ሰማይና ምድርም ቢመጡላቸው ያን ያህል ደስ አይላቸውም ነበር።

«አንድ ነገር ጠይቄው ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ነሣኝ። እምቢ አይልም፣ እሺ አይልም። ይቀልዳል።»

«ሦስት ሳምንት?» አሉ መምሬ።

«ሦስት ሳምንት።»

ጋሽ አላምረው ጥያቄው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። «በቃ ጥፋቱ ታወቀ» አሉ ወደኔ ዞረው። «ሚስት ጠይቃ በቀልድ መመለስ መናቅ ነው። ጥፋትህን አምነሃል?»

አምኛለሁ አልሁ። ምን ልበል? እውነት ነዋ።

«እንግዲያው የጠየቀችህን እሺ በላት።»

«ምን እንደጠየቀችኝ ሳትሰሙ?»

«በር ላይ እሺ ብለህ አስገብተኸናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በይ ልጄ፣ ምን ነበር የጠየቅሽው?»

«ባሕር ዳር እንድሄድ» አለች ሰርካለም። «ለሁለት ዓመት።»

የመምሬ መቁጠሪያ ቆመ። ሐጂ ሳል ያዛቸው። ጋሽ አላምረው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አያችሁ ጉዱን? ሚስት ከቤት እንዳትወጣ ሊለምኑ የመጡ ሰዎች ሚስትን ከቤት የሚያስወጣ እሺ በእጃቸው ይዘው ተገኙ።

«ለምን ጉዳይ?» አሉ ጋሽ አላምረው በመጨረሻ።

ደብዳቤውን አምጥታ ሰጠቻቸው። መነጽር ከኪስ ወጣ። ሐጂ አነበቡት፤ መምሬ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጋሽ አላምረው «ዘወር ብለን እንምከር» አሉና ሦስቱም ወደ ግቢ ወጥተው ከጌሾው ሥር ቆሙ። እኔና ሰርካለም ቤት ውስጥ ብቻችንን ቀረን። ሦስት ሳምንት የፈለግነው ብቻነት ይኸው መጣ፤ ምን ያደርጋል፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ግቢው ቀስረናል።

«ልጆች ያሏት ሴት ናት» ይላሉ ጋሽ አላምረው። «ሁለት ዓመት ብዙ ነው።»

«ትምህርቱ እስከ ዓርብ ነው ይላል፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች» ይላሉ መምሬ።

ሐጂ ደግሞ «የኔ ልጅ አምና ስትወልድ ደም ፈሰሳት» አሉ። «ይህች ልጅ ናት ተረኛዋ። የሥራ ሰዓቷ ቢያልቅም አልሄደችም፤ እስኪነጋ እጇን ይዛ አደረች። ልጄም የልጅ ልጄም አሉ። ይህች ልጅ ከዚህ በላይ ልማር ስትል እኔ አትማሪ የምልበት አፍ የለኝም።»

ሰርካለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይህን ሌሊት ለኔ ነግራኝ አታውቅም። «ደክሞኛል» ብላ ገብታ የተኛችበት ጧት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ቁርስ የት አለ ብያት ይሆናል። አፈርሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ገቡ። እንደማይቀመጡ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«መምህር» አሉ ጋሽ አላምረው። «በር ላይ የሰጠኸንን እሺ መልሰንልሃል። ሳታውቅ የሰጠኸው ነው። አሁን ከልብህ የሚወጣውን ንገረን። እምቢም ብትል ሰምተን እንሄዳለን።»

ሲያስገድዱኝ ይሻል ነበር። ሲያስገድዱኝ ቢያንስ የማሳብበው ሰው አለኝ። ቀልድ ፈለግሁ… እናንተዬ፣ አንድ እንኳ አጣሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንዲት ሚስት፣ በር ላይ ደግሞ ወንፊት ልትመልስ የመጣችው ጎረቤታችን ቆማለች። ሁሉም ያዩኛል።

«ፈርቼ ነው» አልሁ።

«ምኑን?» አሉ መምሬ።

«ልጆቹን አብልቼ አለብሳለሁ፣ ያቃተኝን እማራለሁ። እሱ አይደለም። ማታ ማታ ትምህርት ቤት የዋልሁበትን የምነግረው ለሷ ነው። ሳትሰማኝ እንደምትተኛ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እነግራታለሁ። እሷ የሌለችበትን ቤት አላውቀውም። ሄዳ ተምራ ስትመጣ ደግሞ ቀልዴ ባያስቃትስ ብዬ ፈራሁ። ግን እንድትቀር አልፈልግም። ትሂድ። ሰርካለም፣ ሂጂ።»

ይህን ሁሉ በሰባ ተማሪ ድምፄ ነው የተናገርሁት። ጎረቤታችን ወንፊቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች።

ሰርካለም ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ዝናቡ እኮ…»

«ሦስት ሳምንት ዘነበ?»

ጋሽ አላምረው «ይበቃል፣ ይበቃል» ብለው ገላገሉኝ። ጉልበት አሳሙን። መምሬ በመስቀላቸው ባረኩን፣ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጡት፤ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ያልተጣላን ሰዎች በደንብ ታረቅን። እንደ ደንቡ ዋስ ተጠራ፤ ጋሽ አላምረው ራሳቸው ዋስ ሆኑ። «ዓርብ ዓርብ መምጣቷን እኔ አያለሁ፤ አንተም መቀለድህን ትተህ ሲጠይቁህ መመለስህን እኔ አያለሁ» አሉ። ሰርካለም ሰኞ ጧት መልሷን ላከች።

መስከረም ሲጠባ ሄደች። እኔም ወንድ ወጥ አይሠራም የሚለውን ተረት አፈረስሁ፤ ታናሹ ልጄ «አባዬ፣ ይኼ ሾርባ ነው ሽሮ?» ቢለኝም ቅሉ፣ አፍርሻለሁ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ስትደርስ ልጆቹ ስለኔ ወጥ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀምሁትን የትምህርት ቤት ወሬ አወርዳለሁ። ትሰማኛለች። አንዳንዴ እስከ መጨረሻው ሳትተኛ ትሰማኛለች። ትናንት ዓርብ ስለ ርዕሰ መምህሩ ጃንጥላ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች፤ ስለዚህ ያ ፍርሃቴስ ከንቱ ነበር።

ከተማው ግን ዕርቁን አልሰማም። የሰማው ሽማግሌ መግባቱንና ሴትዮዋ መሄዷን ነው። ሁለቱን አያያዘና ፈረደ፤ «ሽማግሌ እንኳ ገብቶ አልሆነም፤ ጥላው ሄደች» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ላስረዳ ሞከርሁ። «ትምህርት ላይ ናት» ስል ሰዎቹ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ምነው ሰበብ ባይፈጥር የሚሉ ይመስላሉ። መምህራን ጓደኞቼ ሻይ ይጋብዙኛል። ቢያድግልኝ ባገኘኝ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ የፈታን የሱ ቆርቆሮ መስሎታል።

በቀደም ድንች ልገዛ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ከሚሸጡት ከእማማ ጥሩ ዘንድ ሄድሁ። ድንቹን መዘኑልኝና አዩኝ አዩኝ አሉ፤ ከዚያ አራት ድንች ጨመሩልኝ።

«ይኼ ምርቃት ነው» አሉ። «በርታ ልጄ፣ ሆድ አይባስህ። የሴት ልብ ይመለሳል። አንድ ቀን ትመጣለች።»

«ትመጣለች እማማ» አልሁ። «ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት።»

ከጎናቸው ወደ ተቀመጠችው ሽንኩርት ሻጭ ዘንበል አሉና «አየሽው ምስኪኑን?» አሉ። «ሰዓት ቆርጦ ነው የሚጠብቃት።»

ላርማቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ድንቼን ይዤ ወደ ቤት ሄድሁ። ሴትዮዋ ማዘናቸው አለነገር አይደለም፤ ቀኑ ገና ማክሰኞ ነበር።